«እምም»

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስምንተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንዲት ሩቅ ባለ ንጉሥ አገር የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልም በትልቁ ሲኒማ ቤት ተመረቀ፤ ንጉሡ ከነመሳፍንታቸው በሰገነቱ ተሰየሙ፤ «የሌሊት ወፍ» የተባለችው የጃዝ ዘፋኝ ግን ከልብስ ሰፊ እናቷ ጋር ከኋላ፣ ምሰሶ ከሚከልለው ወንበር ተቀመጠች። ዘፋኞቹ ተዋናይ፣ ተዋንያኑ ዘፋኝ እያሉ ስለሚገፏት ነበር ስሙ የወጣላት።

በፊልሙ ሁለት ሥራ ነበራት፤ አንዱ መታየት፣ ሌላው አለመታየት። ዋናዋ ተዋናይ፣ የአንድ ክቡር ሚኒስትር የእህት ልጅ፣ ስትኳል መስታወት የምትይዘው ገረድ እርሷ ናት፤ የእህት ልጂቱ አፏን ስትከፍት የሚወጣውም ድምፅ የእርሷ ነው። ዳይሬክተሩ «ድምፅሽን ለአገርሽ ስጪ» ሲላት፣ ሴት በምርጫ እንኳ ድምፅ አትሰጥም ነበር፤ እርሷ ግን ሰጠች። «ምስጢሩን ከጠበቅሽ በሚቀጥለው ፊልም ዋናዋ ተዋናይ አንቺ ነሽ፤ ካወጣሽ መድረክ እርም ይሁንብሽ» ተብላለች።

መብራቱ ጠፋ። የእህት ልጂቱ በሸራው ላይ ከንፈሯን አላቀቀች፤ ከዘፈኑም በፊት አንዲት «እምም» ተሰማች።

ይህች «እምም» ባለቤት ነበራት። እናቲቱ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስትሰፋ በአፍንጫዋ የምታንጎራጉራት ናት፤ ልጂቱም ከስፌት መኪናው ሥር ሆና ዘፈን ሁሉ በ«እምም» የሚጀመር መስሏት አደገች። የምትዘፍንበት ባንድ ጥሩምባ ነፊ፣ «ጃዝሽ እሷው ናት፤ እንዳትተዪያት» ይላት ነበር።

እናቲቱ ብድግ አለች።

«በሞቴ ስሙ! ይቺ እኮ የኔ ልጅ ናት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እማማ፣ የሚኒስትሩ እህት ከሆኑ ምነው ከኛ ጋር ተቀመጡ?» አለ አንዱ።

ዳይሬክተሩ ከፊት ዞሮ አፈጠጠ። የሌሊት ወፍ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች፤ እርሱም እንዲሰማት ጮክ ብላ፣ «ተቀመጪ እማዬ፤ እኔ አይደለሁም» አለች።

«አንቺ አይደለሽም?»

«አይደለሁም አልኩሽ!»

«እንግዲያ ጆሮዬ አርጅቷል» አለች እናቲቱ፤ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስትሰፋ አላንጎራጎረችም።

በዓመቱ የጦር መኮንኖች ዙፋኑን ገለበጡ፤ ሚኒስትሩ ታሰሩ፤ የሚቀጥለው ፊልም «የሚቀጥለው» እንደ ተባለ ቀረ። የሌሊት ወፍ የሚያስፈራት ስታጣ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ፣ እኔ ነበርኩ እኮ!»

እናቲቱ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ተይ ልጄ፤ እኔን ለማስደሰት ብለሽ አትዋሺ።»

የፊልም ታሪክ ጸሐፍት የእህት ልጂቱን «የዘመኑ ድምፅ» ይሏታል። በዚህ አይወቀሱም፤ ታሪክ በምስክር ይጻፋል፤ ብቸኛዋን ምስክር ግን ለመመስከር በተነሣችበት ቀሚሷን ጎትታ ያስቀመጠቻት የገዛ ልጇ ናት።