የሙሽራዋ ፊት የቀላው መቼ ነው?

ፎቶ አንሺው ሞቶ የተገኘው ከሕንፃው ኋላ ባለው ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። በጎኑ ተኝቷል። አንዱ ጫማው ወልቆ ከግድግዳው ሥር ወድቋል፤ መነጽሩ ግን በአንገቱ ላይ ባለው ማንጠልጠያ እንደታሰረ ነበር። ቀና ሲሉ በሦስተኛው ፎቅ ያለው የሥራ ክፍሉ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ ይታያል። ጥቁሩ መጋረጃ ግማሹ ከቀለበቱ ተነቅሎ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል።

«ራሱን ነው የጣለው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤተሰቡም እንደዚያ ነው የሚሉት። ዓይኑ ከድቶት ነበር አሉ። ለፎቶ አንሺ ደግሞ ዓይን ማለት...»

ኢንስፔክተሯ ጓንቷን አጠለቀች። ቁጢጥ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። ጣቶቹ ተጨብጠዋል፤ በጥፍሮቹ ሥር ጥቁር የጨርቅ ክር አለ። ተነሥታ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ጉልበቷን ስለሚያማት በየፎቁ ታርፋለች፤ እሷ ስታርፍ ግን ዓይኗ አያርፍም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የሟቹ ሚስት ናት። አላለቀሰችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እንዴት አድርገው፣ እትዬ?»

«በአፌ። ጠዋት ተጣላን። ደንበኞች ፎቶ እየመለሱ አስቸግረውታል፤ ሰው ሁሉ ፊቱ ቀልቶ ወጣ ይላሉ። እኔም ‹ዓይንህ ሞቷል፤ ሰው ሳይስቅብህ የሱቁን ቁልፍ ለወንድምህ ስጥና ቤትህ ተቀመጥ› አልኩት። ኮቱን ለበሰና ወጣ። ሳይሰናበተኝ ወጥቶ አያውቅም ነበር።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። «ልጆቼ እየመጡ ነው። ምን ልበላቸው? አባታችሁን ከመስኮት የወረወረው የእኔ ምላስ ነው ልበል?»

«እኔ ተመልሼ ሳላነጋግርዎት ለማንም ምንም እንዳይሉ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ወደ ላይም ቀጠለች።

የሥራ ክፍሉ ግድግዳ ግራጫ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ የተዘጋ ላፕቶፕ፣ ከጎኑ ደግሞ የኮምፒውተር መዳፊት የምታህል ጥቁር ዕቃ ከነገመዷ ተቀምጣለች። ክፍሉ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ማተሚያው ክፍል፣ ሌላው ወደ ፊት ለፊቱ ሱቅ ይወስዳል። በማተሚያው በኩል ባለው በር መያዣ ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

በሩ አጠገብ የቆመው ወጣት በኮምፒውተር ፎቶ የሚያርመው ሠራተኛ ነበር። የሰውን ቡግርና ሽብሽብ ሲያጠፋ ስለሚውል ደንበኞች «ብሩሽ» ይሉታል።

«ይህ ጨርቅ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ጋሼ ስክሪን ሲለካ የሚያንጠለጥለው ነው። ጨርቁ ካለ ማንም አይገባም። መጋረጃው ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል። ብርሃን ከገባ ልኬቱ ይበላሻል። አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳታውቅ ከፍታበት ቤቱን በጩኸት ሊያፈርሰው ነበር።»

«ስክሪን ደግሞ ምኑ ይለካል?»

ብሩሽ በሐዘኑ መሐል ትንሽ ነቃ አለ። «ሁሉም ስክሪን የራሱ ውሸት አለው። አንዱ ሰማያዊ ያበዛል፣ አንዱ ቢጫ። ይቺ መለኪያ ስክሪኑ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ላፕቶፑ ቀለም እየቀያየረ ያሳያታል። ስትጨርስ የቀለም ፕሮፋይል ይሠራል። ፕሮፋይሉ ላፕቶፑን ‹እዚህ ጋ ታበዛለህ፣ ቀንስ፤ እዚያ ጋ ጨምር› እያለ የሚያርመው ነገር ነው ይበሉ።»

«ጋሼ ሁልጊዜ በዚህች ነው የሚለካው?»

«ኧረ እሱ! ‹የእኔ ዓይን እያለ ፕላስቲክ አልጠይቅም› ነበር የሚለው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ በዓይኑ ነበር የሚያስተካክለው። ይቺን ዛሬ ነው ከጓደኛው ተውሶ ያመጣት።»

ኢንስፔክተሯ መለኪያዋን አንሥታ መዘነቻትና መልሳ አስቀመጠቻት። ተስፋ የቆረጠ ሰው ዕቃ ሊዋስ የጓደኛ በር አያንኳኳም ብላ አሰበች።

«በሕይወት ሳለ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«መለካት ሊጀምር ሲል ቻርጀር ሰጠሁት። የአንዲት ሙሽራ ፎቶ እያረመ ነበር። ፊቷ ስክሪኑ ላይ ልክ ነበር፤ የቆዳዋ ቀለም ያምራል። ‹ይቺ እንኳን ተሳክታልኛለች› አለኝ። መጋረጃውን ዘጋ፤ እኔም ምሳ ልበላ ወረድኩ። ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከላፕቶፑ ላይ አሸሸ። ኢንስፔክተሯም አየችው።

በማተሚያው ክፍል የምትሠራው ሴት መሐረቧን እየጨመደደች ተቀምጣለች።

«የሙሽራዋን ፎቶ አትመሽዋል?»

«አልደረሰኝም። ‹ለክቼ ስጨርስ እልክልሻለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«በወዲያኛው ክፍል ምን ሰማሽ?»

ሴትየዋ ወደ በሩ ተመለከተች። «ጭቅጭቅ የመሰለ ነገር። ማተሚያው ስለሚጮህ የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁም። ቀጥሎ የመጋረጃው ቀለበት ተርገፈገፈ። ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄን መያዣው ላይ ሳደርግ ጨርቁን ነካሁት... ተመለስኩ።» ማልቀስ ጀመረች። «ለቁራጭ ጨርቅ ብዬ! ብገባ ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ሰውዬውን አስገደልኩት!»

«ቀድሞ የገባው ማን ነው?»

«እኔው ነኝ። ከግቢው ጩኸት ስሰማ ገባሁ። ማንም አልነበረም። ላፕቶፑም አሁን እንዳዩት ተዘግቶ ነበር። ፖሊሱ እስኪመጣ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ፤ ማንም አልነካውም።»

«በአንቺ በኩል የወጣ ሰውስ?»

«የለም።»

በፊት ለፊቱ ሱቅ ውስጥ የሟቹ ታናሽ ወንድም ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሰው ሁሉ ግን «ትንሹ» ነው የሚለው።

«አዎ፣ ትንሹ እኔ ነኝ» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «እሱ ትልቁ፣ እኔ ትንሹ። ጥርሴ ቢረግፍም ያው ትንሹ ነኝ።»

«ወንድምዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ሊለካ ሲሰናዳ። ደንበኛ ስለ ፎቶዋ ደውላ ነበርና ልነግረው ገባሁ። መጋረጃውን ገና አልዘጋውም። ስክሪኑ ላይ የዚያች ሙሽራ ፊት ቀልቶ አየሁት። ‹ጋሼ፣ በቃህ፣ ዕረፍ› ልለው ብዬ አሳዘነኝና ዝም ብዬ ወጣሁ። ምነው በተናገርኩ ኖሮ።»

«ያዩት በወረቀት ይሆን?»

«ኧረ ስክሪኑ ላይ ነው! ወረቀቱማ የት ታተመና።»

«ያን ያህል ቀይ ነበር?»

«እንደ ቲማቲም ነዋ! እሱ ግን አይታየውም። ዓይኑ እዚህ ደርሶ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ገብተዋል?»

«እግሬም አልረገጠ።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናው ወደ ሥራ ክፍሉ ተመለሰች። ብሩሽን ላፕቶፑን አስከፍታ ጥቂት ነገር ጠየቀችው። እሱም ሲመልስላት ግንባሩ በላብ ራሰ። በመጨረሻ ሁሉንም እንዲጠሩላት አዘዘች።

ሚስቲቱ በወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ብሩሽ ከላፕቶፑ ፊት፣ አታሚዋ ከበሩ ሥር፣ ትንሹ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሙ። ፖሊሱ የተነቀለውን መጋረጃ በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘ።

«እስከ መቼ ነው የምይዘው?» አለ።

«እስክጨርስ። አንተ ቀለበት ነህ፤ ቀለበት አይናገርም» አለችው ኢንስፔክተሯ፤ መብራቱንም አጠፋች።

የላፕቶፑ ብርሃን ብቻ ቀረ።

«ይህ ሰው ራሱን አልጣለም። መሞት የፈለገ ሰው መጋረጃ አይጨብጥም፤ እሱ ግን ቀለበቱ እስኪነቀል ድረስ ታግሏል። እትዬ፣ ይህን ከሁሉ በፊት እንዲሰሙ ፈለግኩ።»

ሚስቲቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ብሩሽ፣ ሙሽራዋን አሳየን። ጠዋት በሥራ ላይ በነበረው ፕሮፋይል።»

የሙሽራዋ ፊት ወጣ። ያማረ፣ ጤነኛ ፊት ነበር።

«አሁን ጋሼ ዛሬ ለክቶ በሠራው።»

ብሩሽ አንድ ጊዜ ተጫነ። የሙሽራዋ ፊት ከግንባሯ እስከ አንገቷ ቀላ።

«ምን አደረግከው?» አለች አታሚዋ።

«ፎቶውን አልነካሁትም» አለ ብሩሽ ቀስ ብሎ። «ፎቶው ድሮም ቀይ ነው። የጠዋቱ ፕሮፋይል ነው የሚደብቀው። ስክሪኑን አረንጓዴ ያደርገዋል። ጋሼ የሰው ፊት አረንጓዴ መስሎ ሲታየው ቀይ ይጨምርበታል። ስክሪኑ ላይ ልክ ይመጣል፣ ወረቀት ላይ ይቀላል።»

«ዓይኑ...» አለች ሚስቲቱ።

«ዓይኑ ምንም አልሆነም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስክሪኑን አበላሽተው ዓይንህ ነው አሉት። ብሩሽ፣ ‹ስክሪኑ ደህና ነው ወይ?› ብሎ ጠይቆህ ነበር፤ ምን አልከው?»

«ደህና ነው አልኩት።» ራሱን አቀረቀረ። «አረንጓዴነቱን አይቼው ነበር። እሱ ጡረታ ከወጣ ወንበሩ ለእኔ ነው ብዬ... ዝም አልኩ። ፕሮፋይሉን ግን እኔ አልሠራሁትም! በእጅ የተሠራ ነው። የአረንጓዴውን ማንሸራተቻ ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ሕፃንም ይችለዋል።»

«ለማን አሳይተህ ታውቃለህ?»

ብሩሽ ቀና ብሎ ትንሹን አየው። «የሱቁ ኮምፒውተር ቀለም አስጠላኝ ብሎኝ ለእሱ አሳይቼዋለሁ።»

«ስላሳየኝ እኔ ሠራሁት ማለት ነው?» አለ ትንሹ። «ደግሞስ ሠራሁት እንበል፤ ገደልኩት ማለት ነው?»

«አይደለም። ለግድያው የራስዎ ቃል ይበቃኛል። መጋረጃው ሳይዘጋ ገብቼ ሙሽራዋን ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆና አየኋት አሉኝ። ያን ጊዜ ብሩሽ ያያት ሙሽራ ግን ፊቷ ልክ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሁላችሁም አሁን አይታችኋል። በዚህ ላፕቶፕ ላይ የሙሽራዋ ፊት ሊቀላ የሚችለው ልኬቱ አልቆ አዲሱ ፕሮፋይል ከገባ በኋላ ብቻ ነው። ወንድምዎ ከሞተ በኋላም ሙሽራዋን አላዩዋትም፤ አታሚዋ ስትገባ ላፕቶፑ ተዘግቶ ነበር፣ እርስዎም እግሬ አልረገጠም ብለዋል። እንግዲህ የቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልኬቱ ካለቀ በኋላ፣ እሱ ከመውደቁ በፊት።»

የፖሊሱ ክንድ ደክሞ መጋረጃው ይንቀጠቀጣል።

«ስህተትዎ ምን እንደሆነ ልንገርዎት?» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «የሠሩት ውሸት በስክሪኑ ላይ ምን እንደሚመስል ከዚያ በኋላ ቀርበው አላዩትም። ሲያዩ የኖሩት ደንበኞች የሚመልሱትን ቀይ ወረቀት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሲያዩ ሁልጊዜም እንደዚያ የነበረ መሰለዎት።»

ትንሹ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ።

«ጠራኝ» አለ። «በሱቁ በር ብቅ ብሎ ‹ና፣ ና› አለኝ። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ‹እያት! ቀይ ናት! ይታየኛል! ዓይኔ ደህና ነው!› እያለ እንደ ሕፃን ይስቃል። ከዚያ ‹ማን ነው እንዲህ ያደረገኝ?› አለና ፊቴን አየ። የሰው ፊት ሲያይ ነው የኖረው፤ ወዲያው ገባው።» ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ። «ቢሰድበኝ ኖሮ እችለው ነበር። ‹ለምን አልጠየቅኸኝም? እሰጥህ ነበር እኮ፣ ትንሹ› አለኝ። ትንሹ አለኝ! እኔ ጮህኩበት። አየር አጥሮት መጋረጃውን ገለጠ፣ መስኮቱን ከፈተ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት። መጋረጃውን ይዞ ያየኝ ነበር... እጄን መዘርጋት እችል ነበር። አልዘረጋሁም። ሙሽራዋ እያየችኝ መሰለኝና ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ።»

ኢንስፔክተሯ መብራቱን አበራች፤ ፖሊሱም መጋረጃውን ለቆ ትንሹን ከመሬት አነሣው።

ሚስቲቱ ተነሥታ ከባሏ ወንድም ፊት ቆመች። ትመታዋለች ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ሳቀ አልከኝ?»

«ሳቀ።»

«ብዙ?»

«እንባው እስኪወርድ።»

እሷም ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ኢንስፔክተሯ ትከሻዋን ያዘች። «ከመስኮት የጣለው የእርስዎ ምላስ አይደለም፣ እትዬ። በሕግም በሌላም ይህ በእርስዎ ላይ የለም።»

«ቁልፉን ለወንድምህ ስጥ ያለው ማን ሆነና!» አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ማታ ማታ ‹እኔ እኮ ይታየኛል› ሲለኝ አላመንኩትም። አምኜው ቢሆን ከእኔ ጋር ነበር የሚስቀው።»

ከታች ከደረጃው የሚሮጡ እግሮች ተሰሙ። ልጆቿ ደርሰዋል፤ ትልቋ «እማዬ! እማዬ!» እያለች ትጣራለች።

«ምን ይሏቸዋል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሚስቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች። «አባታችሁ እውነቱን ሲናገር እናታችሁ አላመነችውም እላቸዋለሁ። የቀረውን ይህ አጎታቸው ዓይናቸውን እያየ ይንገራቸው።»