ዝም ካላችሁኝ ይገባኛል

በእኛ ሸለቆ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚዘመረው በአራት ወገን፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች በአንዱ አግዳሚ፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች ትክክል ከፊታቸው። ስለዚህ ኦርላን ቀና ባለ ቁጥር ቬስታን ያያል፤ እሷም ቀና ባለች ቁጥር እሱን ታያለች። ወዲያው ሁለቱም ያቀረቅራሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚያውቁትን መዝሙር፣ እንግዳ ነገር ይመስል መጽሐፉ ላይ አፍጥጠው ያነቡታል። እኛ ተመልካቾቹ ነገሩ ከገባን ቆይቷል፤ ያልገባቸው ባለቤቶቹ ብቻ ነበሩ።

እንዲህ ሲተፋፈሩ ጦርነቱ መጣና ኦርላን ባሕር ተሻግሮ ጣሊያን አገር ዘመተ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

እናቱ እትዬ ዶቪ ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤውን የምታነብላቸውም መልሱን የምትጽፍላቸውም ሴት ልጃቸው ክሌሚ ነበረች። ክሌሚ መርከብ የሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ወደ ሞቢል ከተማ ስትወርድ፣ አሮጊቷ ቤታቸው በረንዳ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሌላ ማን አለና፣ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ቬስታን አስጠሯት። ሁለቱ ልጃገረዶች አንድ አስተማሪ ዘንድ ስለተማሩ የእጅ ጽሑፋቸው እንኳ አይለይም።

«ክሌሚ ሄደች ብለሽ እንዳትጽፊ» ብለው አስጠነቀቋት። «እናቴ ብቻዋን ቀረች ብሎ እኔን ሲያስብ ይመቱብኛል። በክሌሚ ስም ጻፊ።»

ቬስታ እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች። ጭቃው ከእኛ የታች ማሳ ይብሳል፣ ዝናቡ አላቆመም፣ በቅሎዋ እንዴት ናት፣ ጥጡ ታረመ ወይ ይላል። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ናፍቀሽኛል» አለበት። ይህችን ቃል ቬስታ በገዛ አፏ አንብባ ለሌላ ሴት ታስረክባለች። ሲመሽ በወንዙ ዳር ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ማንም በሌለበት ቀስ ብላ ለራሷ ትደግማታለች። እሑድ እሑድ ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ያለው ባዶ አግዳሚ ነው። መዝሙሩም ወፍራም ድምፅ ጎድሎት የታመመ ሰው ዜማ ይመስል ነበር።

ጥጡ ገና አበባ ሳያወጣ አንድ ደብዳቤ መጣ። ቬስታ እንደ ልማዷ ስታነብ ስታነብ ቆይታ ድምፅዋ ተቋረጠ።

እትዬ ዶቪ ምን ሆንሽ አሏት። ጽሑፉ ደብዝዞብኝ ነው አለችና ስለ ጭቃው ወደሚለው አለፈች። የደበዘዘ ነገር አልነበረም። እንዲህ ነበር የሚለው፦

«እማዬ፣ ክሌሚ፣ ሳልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አለ። ቬስታ ሰው ይዛ እንደሆነ ጠይቁልኝ። ካልያዘች፣ ኦርላን ሲመለስ ሊያገባሽ ይፈልጋል በሏት። ሰው ካላት ግን ምንም አትጻፉልኝ። ዝም ካላችሁኝ ይገባኛል፤ ሁለተኛም አልጠይቅም።»

አይ ቬስታ፣ ምን ታድርግ! እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤው ያለው በእሷ እጅ፣ ስሙ የእሷ ስም፣ ጥያቄው የእሷ ጥያቄ። ማን ያምናታል? ሸለቆው በሙሉ «ለራሷ ሽማግሌ ላከች» ብሎ መሳቂያ ያደርጋታል። ለካ ለዚህ ነው ስታነብ የከረመችው ይሏታል። እናም በቅሎዋ ደህና ናት፣ ጥጡ ጉልበት ደርሷል፣ አንዷን ዶሮ ቀበሮ በላት የሚል መልስ ሄደ። ስለ ቬስታ አንዲት ፊደል የለበትም። እንደገና ይጠይቃል ብላ ራሷን አታለለች፤ ሁለተኛ አልጠይቅም ያለውን ሰው!

ጥጡ እስኪፈነዳ ድረስ ጭንቋን ብቻዋን ይዛ ከረመች። ለእናቷ አትነግር፣ ለጓደኛ አትነግር። ሚስጥሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢኖር እሱ ኦርላን ነው፤ እሱም ለክሌሚ የጻፈ መስሎታል።

የሚቀጥለውን ደብዳቤ ስትከፍት ቀድማ በዓይኗ ሮጠችበትና ፊቷ አመድ መሰለ። ይህኛውን ግን አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችው።

«እማዬ፣ መልሱ ገብቶኛል። እሷንም ደስ ይበላት። እዚህ ወንዝ እየተሻገረ የጠላትን ሰፈር የሚሰልል ቡድን አለ። ሚስትና ልጅ ያለው ከሚሄድ፣ የሚጠብቀው የሌለው ይሂድ ብዬ ስሜን ሰጥቻለሁ።»

«የምን መልስ ነው የገባው?» አሉ እትዬ ዶቪ።

ቬስታ ተነስታ ገባችና ያንን የፊተኛውን ደብዳቤ ደብዳቤዎቹ ከሚቀመጡበት የቆርቆሮ ሣጥን አወጣች። ቆማ፣ እያለቀሰች፣ የገዛ ስሟን በገዛ አፏ አነበበችላቸው። ለምን ደበቅሽኝ ሲሏት ያምኑኛል ብዬ አላሰብኩም አለች።

እትዬ ዶቪ ከወንበራቸው ተነሱ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ተቀበሏት፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁና መንገዱን ያዙ። የሰባኪው የቲድዌል ቤት ካለበት ኮረብታ ድረስ በዚያ ጉልበታቸው ቀላል መንገድ አይደለም። ቬስታ እዚያው በረንዳው ላይ ቀረች። አላመኑኝም አለች በልቧ። ወደ ቤቷ እንዳትሄድ የሸሸች ይመስልባታል፣ እንዳትቀመጥ ደግሞ በረንዳው ሰው የሞተበት ቤት ሆነባት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ እትዬ ዶቪ ተመለሱ።

«ሰባኪው አነበበልኝ። አንቺ እንዳልሽው ነው» አሉ።

«ስለዚህ አላመኑኝም።»

«ገና ስምሽን ስትጠሪ አምኜሻለሁ። የሄድኩት ለእኔ አይደለም፤ ነገ አንዱ ተነስቶ ራሷ ጽፋ ራሷ አነበበች እንዳይልሽ ነው። ሚስቱም ቁጭ ብላ ሰምታለች። እሷ ከሰማች አገር ሰማ ማለት ነው።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በይ ወረቀት አምጪ። አሁን በራስሽ ስም።»

ቬስታ ጻፈች። በክሌሚ ስም ስትጽፍ የከረመችው እሷ እንደሆነች፣ ሰው እንደሌላት፣ ኖሯትም እንደማያውቅ፣ ከዚያ ወንዝ እንዲቀር።

ጥጡ ተለቀመ፣ አሳማዎቹ ታረዱ፣ ደብዳቤ ግን አልመጣም። ሁለቱ ሴቶች የሚነበብ ነገር ሳይኖር በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ወሬ አይጀምሩም፤ ከጀመሩ የት እንደሚያደርሳቸው ያውቁታል። ፖስተኛው ሲያልፍ እጁን ያነሳላቸውና አንገቱን ሰብሮ ይሄዳል።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ግን ቆመ። ፖስታው የወጣው በቬስታ ስም ነበር።

ቬስታ ልትከፍተው ስትል እትዬ ዶቪ እጇን ያዟት። «ይሄ የኔ አይደለም። አፍሽን ዘግተሽ አንብቢው» አሉ። ልጃቸው ከዘመተ ጀምሮ ለእሳቸው ያልተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ፤ ትንሽ ቆይተው ግን አላስቻላቸውም።

«አለ?»

«አለ።»

ቬስታ ጨርሳ አነበበችና እንደገና ከላይ ጀመረች፤ አሁን ጮክ ብላ።

«ቬስታ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ከወንዙ ማዶ ስንመለስ ፈንጂ ረገጥኩ። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የለም። ቀድሞ ደርሶኝ ቢሆን እቀር ነበር ወይ? አላውቅም፤ አልዋሽሽም። ከበቅሎ ኋላ ሆኖ ማረስ ለማይችል ሰው ቃል ገብተሽ አትታሰሪ። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ምንም አትጻፊ፤ ይገባኛል።»

እትዬ ዶቪ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። ቬስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እግሩን እኔ ነኝ ያሳጣሁት» አለች።

«ልጄን ጦርነት የላክሽው አንቺ አይደለሽም» አሉ ከሽርጡ ውስጥ። ቆይተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ይሄንን እኔ አላስጽፍሽም።»

ቬስታ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ስለ በቅሎና ስለ ጥጥ ገጽ ስትሞላ የኖረች ልጅ ጎንበስ ብላ ወዲያው ቀና አለች። እትዬ ዶቪ የተጻፈውን አዩት፤ ማንበብ ባይችሉም ማነሱ አስደነገጣቸው።

«ምን አልሽው?»

«ና፣ እየጠበቅኩህ ነው።»

«ይሄው ብቻ?»

«ይሄው ብቻ።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ፖስተኛው ገና ድልድዩን አላለፈም» አሏት። ቬስታ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ወደ መንገዱ ሮጠች።