ካርዱ አልሞተም

«ንቀሉልኝና ይዤው ልሂድ እንጂ! አውቶቡሱ ሊነሳ ነው» አለ አብርሃም፣ ካቻቢቴውን በጣቱ እያሽከረከረ።

ልደት ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። «ቆይ እስቲ። ካርዱ መሞቱን በምን አወቅህ?»

«ድምፁ ያስታውቃላ!»

በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ክረምቱን ባሕር ዳር የከረመ ሁሉ አዋቂ ነው፤ ዕድሜውን እዚሁ የፈጀውን ግን ዞር ብሎ የሚጠይቀው የለም። አብርሃምም አጎቱ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከርሞ ስለመጣ የዘጠነኛ ክፍል ሊቅ ሆኗል። የልደት ታላቅ ወንድም ፈንታው ሳይቀር አምኖታል።

ፈንታው የቤታቸውን የፊት ክፍል ጌም ቤት አድርጎ የከፈተው በዚህ አንድ ኮምፒውተር ነው። ሰሞኑን ግን የኳስ ጨዋታው ሲጦፍ ስታክ ያደርጋል፤ አጥቂው ሊያገባ ሲል እግሩን እንዳነሳ ይቀራል። አብርሃም «ምስል የሚያወጣው ካርድ ሞቷል፤ ደብረ ታቦር ወስጄ ባገኘሁት ልሽጥልህ» አለው። ካርዱ ከተሸጠ ሌላ መግዣ የለም። ጌም ቤቱም አበቃለት ማለት ነው።

ልደት ግን አልተዋጠላትም። የሞተ ነገር ጠዋት ጠዋት ይነሳል እንዴ? ማሽኑ ሲከፈት እንደ ጥጃ ይቦርቃል፤ የሚደክመው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ትናንት ከትምህርት ቤት አንድ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛ መጣች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደሚሠራና እንደሚግል ስክሪኑ ጥግ ላይ በቁጥር ያሳያል።

«አንድ ጨዋታ ብቻ እንይ። ከዚያ ትነቅሉታላችሁ» አለች።

«እሺ፣ አንድ!» አለ ፈንታው።

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ልጆች በደስታ ጮኹ። የጎረቤቱ ልጅ ዋለ ጆይስቲኩን ቀድሞ ነጠቀ።

«ዋሌ፣ ዛሬ እንኳ በረኛህን ቀስቅሰው!» አለ አንዱ።

«አንተን ካገኘ በረኛም አጥቂ ይሆናል፣ ዝም በል!»

ልደት ጨዋታውን አላየችም፤ ዓይኗ ቁጥሮቹ ላይ ነው። መጀመሪያ ካርዱ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ጎኑ ያለው ፕሮሰሰር፣ የማሽኑ አንጎል፣ ግን ይግላል፤ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና አምስት ዲግሪ። ያን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በግማሽ ወረደ። ወዲያው የዋለ አጥቂ እግሩን አንስቶ ቀረ።

«ሄደ! ገባልኝ ስል!» ዋለ ራሱን ያዘ።

«ካርዱን እዩት!» አለች ልደት። «ሥራ ፈትቶ ቆሟል።»

«ሞቷላ!» አለ አብርሃም።

«ቢሞትማ ቅድም ባልሮጠ። ጥማድ በሬ በለው። አንዱ ሲያለከልክ ሌላው ቢበረታም መቆሙ አይቀርም። የሚያለከልከው ፕሮሰሰሩ ነው። ሲግልበት እንዳይቃጠል ብሎ ያዘግማል፤ ካርዱ ደግሞ እሱን ይጠብቃል።»

«ታዲያ ምን አጋለው?» አለ ፈንታው።

ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን ዞሩ። እናታቸው አመተ ማርያም አቧራ እንዳይገባበት ብላ፣ ከሥር ላስቲክ ከላይ ዳንቴል አድርጋ፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ሙሽራ አስመስላዋለች። የኋላው ማራገቢያ እንኳ መተንፈሻ አልተረፈለትም።

ጩኸቱን ሰምታ ራሷ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን ሆናችኋል?»

«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ታፍኗል።»

«ታፈነ? በዚህ በእስቴ ብርድ? እኛ ጋቢ ደርበን አልታፈንን፣ ምን ያለው ቅምጥል ነው እናንተ!» ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። አመተ ማርያም የእጇን ሥራ ዳንቴሉን ትንሽ አየችው። ከዚያ ራሷ ከነላስቲኩ ገፈፈችው። «ይሁን፤ ዕርቃኑን ይጫወት። ብርድ ሲመታው ግን እንዳትጠሩኝ!»

ማራገቢያው አየር አግኝቶ እፎይ አለ። ሙቀቱ ወርዶ ሰባ ላይ ረጋ። ዋለ በቀኝ በኩል ገባ፣ አንዱን አለፈ፣ መታ።

«ጎ-ል!»

በደጅ ወደ ገበያ የምትሄድ አህያ ደንግጣ ጭነቷን ይዛ ፈረጠጠች። ባለቤቷ እየተራገመ ሲከተላት ቤቱ እንደገና በሳቅ ሞላ። አውቶቡሱም ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ።

አብርሃም በሩ ጋ እንደቆመ ነው። ልደት ስትጠጋው ድምፁን ቀነሰ። «አጎቴ ቤት ወለል ነው የጠረግኩት። ማሽን አላስነካኝም። ሁሉም ሲጠይቀኝ ግን… አላውቅም ማለት ከበደኝ።»

ይኸው አብርሃም ባለፈው መንፈቅ ልደትን «ሴት ማውዝ ስትነካ ኮምፒውተሩ ያፍራል» ብሎ ክፍሉን ሙሉ አስቆባታል። አብረው የሳቁት ረስተውታል። የሳቀ ይረሳል፤ የተሳቀበት ነው የማይረሳ።

«ቆይ ግን፣ ድምፁ ያስታውቃል ያለው ማን ነበር?» አለ ፈንታው፣ ሳቁ ሳያልቅ። ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ሄደ። አብርሃም አንገቱን ደፋ።

መልሱ ልደት ምላስ ላይ ነበር፤ የሚያቃጥል፣ ለሳምንት የሚያስቅ መልስ።

«መታፈኑን ማናችንም አላየንም ነበር» አለች። ዋለን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወንበሩን ያዘች፣ ጆይስቲኩንም ተቀበለችው። «አብርሃም፣ ና እዚህ ቁጭ በልና ቁጥሩን አንብብልኝ። አሁን የምጫወተው እኔ ነኝ።»