የበሰለ ፍግ

ቀበሌው በየግቢው ጎመን ይተከል ባለ ጊዜ፣ አባቴ አቦይ ገብረሰንበት ከቦሌ ቡልቡላ አንድ ጭነት ፍግ አዘዙ። በአህያ ጭኖ ያመጣው በዳሳ የሚባል የገበሬ ልጅ ነበር። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። አየኝና አህያውን መያዝ ረሳ፤ አህያው በቀጥታ የሳሎናችን በረንዳ ላይ ወጣ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ መጣ።

«አሁን ደግሞ ምን ይዘህ ነው?»

«ያለፈው ጆንያ አልሞላም ነበር።»

ሞልቶ አፉ በገመድ ታስሮ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም በሩን በሰፊው ከፈትኩለት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ በደስታ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ሰበብ አላጣም። አንዴ «መሬቱ አልጠገበም» ይላል፣ ሌላ ጊዜ «ለሎሚውስ?» ይላል። እኔም ከማለዳ ጀምሮ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ቀሚሴ እበት እበት ሲሸት እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ጥቅምት ላይ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። አቦይ ጓሮ ወርደው ከሥሩ እፍኝ አንስተው አሸተቱ።

«ዘውዲ፣ ነይ እስኪ። ይሄ ምንድነው?»

«ፍግ ነዋ፣ አቦይ።»

«የምን ፍግ? ጥሬ እበት ነው። በስብሶ ሳይበስል ከተደረገ ተክል ያቃጥላል። የገበሬ ልጅ ይሄን አጥቶት ነው?»

ፍጉ ከቀረ በዳሳ የእኛን በር የሚያንኳኳበት ምክንያት የለውም። እኔም ቡልቡላ ድረስ ምን ብዬ እሄዳለሁ?

ቅዳሜ አቦይ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። እኔ ከሳሎኑ መስኮት መጋረጃ ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ።

«አንተ ልጅ፣ የበሰለ ፍግ የላችሁም?»

በዳሳ አንገቱን ደፋ። «አለቀ፣ አባባ። የነበረውን በሙሉ እዚህ አምጥቼ ጨረስኩት።»

«ካለቀ ታዲያ አትቀርም ነበር?»

«መቅረት አቃተኝ።»

አቦይ የተቃጠለ ጎመናቸውን አዩ። ቀጥለው ወደ መጋረጃው ዞሩ። ለካ እዚያ እንዳለሁ ያውቃሉ።

«በል ስማኝ። ከእንግዲህ እበት ይዘህ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።»

እንባዬ መጣ።

«ሽማግሌ ይዘህ ና» አሉት። «እነሱን እንኳ የበሰሉ ምረጥ።»

በዳሳ አህያውን ከነጭነቱ በራችን ላይ ትቶ ወደ ቡልቡላ ሮጠ።