ከጉልበት ስር የማይገባ ትራስ

«ይኸው፣ እጄ ያልፋል» አለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። መዳፏን በአያትየው ጉልበትና በፍራሹ መካከል አስገብታ ወዲያና ወዲህ አመላለሰችው። «እስካሁን እግራቸው ተዘርግቶ ፍራሹን መንካት ነበረበት። ትራስ ከስሩ ታደርጋላችሁ እንዴ?»

ልጅቷ አያቷን አየች። አያቷ ጣሪያውን አዩ።

«ኧረ አናደርግም» አለች ልጅቷ። ትራሱ አልጋው ስር ነበር። የበሩ ደወል ሲጮህ በእግሯ ገፍታ የደበቀችው ራሷ ናት።

አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ነድተዋል። ግራ ጉልበቴን የበላው ስረግጠው የኖርኩት ፍሪሲዮን ነው ይላሉ። እሷን «ረዳቴ» ይሏታል፤ ባለሙያዋን ደግሞ ዞር ስትል «ትራፊኳ»። ጉልበታቸውን አውጥተው በብረት ከቀየሩላቸው ወዲህ፣ እናቷ ሥራ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት መልስ እግራቸውን የምታሠራው ልጅቷ ናት። ባለሙያዋ ገና ከመጀመሪያው አሳይታታለች፤ የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዛቸው ስር፣ ከዚያ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ጭናቸውን በሁለት እጅ ቀስ አድርጎ ወደ ታች መጫን። ትራስ ከጉልበት ስር ግን በፍጹም! መታጠፍ ይለምድና እንደታጠፈ ይቀራል።

ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች። ግን አያቷ «ወይኔ እናቴ!» ብለው ሲጮሁ እጇ ይከዳታል። ያ ከመኪና ጡሩንባ የማይተናነስ ድምፅ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ መስማት አልቻለችም። «ተይኝ በሞቴ፣ ያቺን ትራስ ብቻ አቀብይኝ» ይሏታል። ትራሱ ሲገባ ፊታቸው ይፈታል፤ ቀልዳቸው ይመለሳል። እሷም ደግ ሥራ የሠራች ይመስላታል።

«እንግዲያው ጉልበቱ ውስጡ ተጣብቆ ይሆናል» አለች ባለሙያዋ ቦርሳዋን እየዘጋች። «ዛሬውኑ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። እንደገና ሰመመን ሰጥተው በኃይል ይዘረጉት ይሆናል።»

እንደገና ሰመመን! ባለፈው አያቷ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጡ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ ግን አላወቋትም። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሏት። ቀኑን ሙሉ የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግራቸው ዋለች። ሐኪሙ ያልፋል ብሎ ነበር፤ አለፈም። ሁለተኛው ባያልፍስ? ጨርሶ ባያውቋትስ?

ባለሙያዋ ወጣች።

«ጎበዝ ረዳት!» አሉ አያቷ። «ትራፊክ ፊት አፏን የምትይዝ ረዳት ከየት ይገኛል? በይ አሁን ትራሷን ወዲህ በያት።»

«አባባ፣ ሰመመን ስትል አልሰሙም?»

«ታስፈራራናለች እንጂ ምን ታመጣለች!» አሉ። ብርድ ልብሱን ግን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ልጅቷ እሳቸውም እንደፈሩ ያን ጊዜ ገባት። እስካሁን የምትፈራው እሷ ብቻ እንደሆነች ይመስላት ነበር። እሳቸው ሲፈሩ ማየት ደግሞ የባሰ አስፈራት።

ጎንበስ ብላ ትራሱን አወጣች። አያቷ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ትራሱን እንዳቀፈች ወደ በሩ ሮጠች።

«ወዴት ነው? አንቺ! ረዳት!»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ባለሙያዋ ከግቢው ልትወጣ ስትል ደረሰችባት።

«ሲስተር፣ ዋሽቼ ነው!» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ይሄን በየቀኑ ከጉልበታቸው ስር አደርግላቸዋለሁ። መጫኑንም ትቼዋለሁ። ይጮሃሉ...»

ባለሙያዋ ትራሱን አየች፤ ከዚያ እሷን አየች። አልተቆጣቻትም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

«አሁን ብንጀምር... ይዘረጋል?»

«ቃል አልገባልሽም። ለሐኪሙ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት እንድንሞክር ይፈቅድልን ይሆናል። ማስታገሻውን መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ከሠራን በኋላ፣ ሲያማቸው።»

«ከመሥራታችሁ ቀደም ብለው ይዋጡት። ያኔም ይጮሃሉ። ቀስ እያልሽ፣ እያሳረፍሻቸው፤ ግን አትተዪው። እናትሽም ትወቅ።»

ተመልሳ ስትገባ አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

«ከዳሽኝ» አሉ።

«አዎ» አለች። ትራሱን እናቷ አልጋ ላይ ወርውራ፣ ክኒኑንና ውኃውን አቀረበችላቸው። ሳያዩዋት ዋጡ። መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ፎጣውን ጠቀለለችና ከተረከዛቸው ስር አደረገችው።

«ብጮህስ?» አሉ ድንገት።

«ይጩሁ።»

«ብሰድብሽስ?»

«ይስደቡኝ።»

ከዚያ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱና እንባ ባቀረረ ዓይን አዩዋት።

«ብለምንሽስ?»

መዳፎቿን ከጉልበታቸው ከፍ አድርጋ አሳረፈችና መጫን ጀመረች።