በትእዛዙ ቁመት ልክ

«አራት ገጽ ጎድሏል» አለች ሰገነት ደብተሩን ዘግታ። «ማን ነው የቀደደው?»

የስምንተኛ ቢ ልጆች ተያዩ። ሽፋኑ ላይ «1994 ዓ.ም.» የተጻፈበት ደብተር አንድ ሳምንት ሙሉ ከዴስክ ዴስክ ሲዞር ከርሟል። ውስጡ ያለው ታሪክ በሥዕል የተሠራ ነው። ሳዶር የሚባል ወጣት አስማተኛ በዋግ ገደሎች እየዞረ ከአጋንንት ጋር ይዋጋል። ጋኔን ክንዱን ቢነክሰው፣ ጓደኛው ዓይኑ እያየ ቢሞት፣ የሳዶር ፊት አይለወጥም። ልጆቹ የሚያብዱለትም ለዚሁ ነበር። «አቦ፣ እሱ እኮ ሌላ ነው!» ይላሉ።

ሰገነት ግን ሰልችቷታል። አንድ ዓይነት ፊት መቶ ጊዜ መሣል ያደክማል፤ ደግሞም ፊቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷ የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ «በርቺ፣ አባትሽን አታስጨንቂ» ሲላት በረታች። ከዚያ ወዲህ አልቅሳ አታውቅም። በክፍሉም «ድንጋይ» ይሏታል፤ ለቁልምጫ ነው ባዮች ናቸው።

ከትምህርት ሲወጡ ጓደኛዋ ባንቺ ክንዷን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ የቀደድኩት። ትእዛዙን አሞታል።»

ትእዛዙ ሦስት ዓመት ያልሞላው የባንቺ ወንድም ነው። እናቱ ለማሽላ አጨዳ ወደ ዋግ ቆላ፣ ዝቋላ ይዛው ወርዳ ከተመለሰች ጀምሮ ያተኩሰዋል።

«ታዲያ ሥዕሌ ምን ያደርግለታል?»

«ክታብ አደረግሁት።»

ሰገነት አባቷ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ክታብ ሲጽፉ እያየች ነው ያደገችው። ብራናው በታማሚው ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። ባንቺ አራቱን ገጽ ጫፍ ለጫፍ ብታጣብቀው ልክ የትእዛዙን ቁመት ሆነላት። ጠቅልላ በቆዳ ሰፋችው፣ አንገቱ ላይ አሰረችለት፣ ለእናቷም «መሪጌታ የጻፉት ነው» አለቻት።

«ትናንት ለቀቀው እኮ! እናቴም ሐኪም ቤት መውሰዱን ተወችው። ዛሬ ግን ባሰበት።» ባንቺ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺን ጥሪልኝ ብላለች። አደራሽን፣ እንዳትናገሪ፤ ትገድለኛለች። አባትሽም በቀለማቸው ጋኔን ስትሥይ እንደከረምሽ ቢሰሙ አይምሩሽም። ያንቺ ፊት እንደሆነ አያሳብቅ።»

የባንቺ እናት ወይዘሮ ዘመናይ ቤቷ መደብ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ነይ ልጄ። አባትሽን እግዜር ይስጥልኝ። ክታባቸው እስኪሠራ ስንት ቀን ይፈጃል አሉ? ልጠብቅ?»

ትእዛዙ ጋቢ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሰገነት አንገቱ ላይ ያለውን ቆዳ አየች። እዚያ ውስጥ ሳዶር የታመመ ሕፃን አጠገብ ቆሟል። ቀጥሎ የሚያደርገው ጠፍቷት ነበር እዚያ ላይ ያቆመችው። አሁንም «ሦስት ቀን» ብላ መሄድ ትችላለች። ባንቺ ከበሩ ሥር በዓይኗ ትለምናታለች።

«አይጠብቁ» አለች ሰገነት። «አባባ አልጻፉትም። ሥዕል ነው፤ እኔ የሣልኩት። ምንም አያድንም። እማማ ዘመናይ፣ እንዳይሞት ፈራሁ።»

በእናቷ ለቅሶ ቀን እምቢ ያላት እንባ በሰው እናት ፊት ወረደ። ልታቆመው ሞከረች፤ አልቆም አላት።

ዘመናይ ባንቺን አየቻት። አልተቆጣችም፤ ለቁጣም ጉልበት ያስፈልጋል። በአገሯ ቋንቋ በኽምጠኛ የሆነ ነገር አጉተመተመችና፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች። «እኔም ማመን አማረኝ።» ትእዛዙን ይዛ ልትነሣ ስትል ሦስት ሌሊት ያልተኛ ጉልበቷ ከዳት።

«ጀርባዬ ላይ ያድርጉልኝ» አለች ሰገነት ቁጢጥ ብላ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ሲደርሱ መሪጌታ ሲወጡ ተገናኙ። ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው ቆዳው ላይ ነው።

«ይህ የእኔ ክታብ አይደለም። የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባባ። በእርስዎ ቀለም ጋኔን ሥዬበታለሁ። በኋላ ይቅጡኝ፤ አሁን ሐኪም ቤት ይቅደም።»

መሪጌታ ቆመው እንባዋን አዩ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ፀሐዩን ከሕፃኑ ላይ ከለሉለት።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው፣ ገበያ ነው። ግማሹ የክፍሏ ልጅ ከትምህርት ሲወጣ ወላጆቹ ዘንድ እዚያው ይሄዳል።

«በጓሮ እንዙር መሰለኝ» አለች ዘመናይ ከኋላ። «እንዲህ ሆነሽ ጓደኞችሽ ያዩሻል።»

ሰገነት ሁለት እጇ ሕፃኑን ይዟል፤ ፊቷን መጥረግ አትችልም።

«በገበያው ይቀርባል» አለች።