የጋሽ ወልዱ ቀለበት

ቢሮው ዛሬም ትናንት ከነበረበት ተነሥቶ ሄዷል። ትብለጥ አሰግድ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆማ፣ በአንድ እጇ ቦርሳዋን በሌላው ጫማዋን ይዛ፣ የምትመራው መሥሪያ ቤት ወዴት እንደተንሳፈፈ በዓይኗ ትፈልጋለች። ነጩን ጣሪያ ያየችው ከማዶ፣ ጉማሬዎች ከሚተኙበት ቄጠማ አጠገብ ነው።

«እዚያ ድረስ?» አለችው የጀልባውን ሰውዬ።

«ውኃው የቀዘቀዘው እዚያ ነዋ፣ እመቤት።»

የደቦ ድጋፍ ድርጅት ጽሕፈት ቤት የተሠራው ሰፊ ታንኳ ላይ ነው። ከወለሉ ሥር መዝገቡን የተሸከሙት ኮምፒውተሮች ውኃ ውስጥ ተንጠልጥለዋል፤ ሲሞቃቸው ቢሮውን እየጎተቱ ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ይሄዳሉ። ለማቀዝቀዣ ቤት አቅም ስለታጣ ለጊዜው ተብሎ የተጀመረ ዘዴ ነበር። ለጊዜው የተባለ ነገር ግን በዚህ አገር ዕድሜው ረጅም ነው።

ደቦ በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ የሚጽፉት መዝገበ ዕውቀት ነው። ሌላው የሚነበብ ነገር ሁሉ የማሽን እጅ ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ የማረጋገጫ ቢሮው ሰው ብቻ የጻፈውን እያጣራ «የሰው እጅ» የሚባል ማኅተም ይሰጣል፤ የተማሪዎች ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳም ደቦን የሚከፍተው ያ ማኅተም ስላለበት ብቻ ነው። ማኅተሙ ከተነሣ ተማሪዎቹ ይሄዳሉ፣ ተማሪዎቹ ከሄዱ ጸሐፊዎቹ ለማን ይጽፋሉ?

ትብለጥ ዳይሬክተር ስትባል ሰው የምታዝ ይመስለው ነበር። የምታዘው የለም። ድርጅቱ አይጽፍም፣ አያርምም፣ በይዘት ጣልቃ አይገባም፤ መተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ ይከለክለዋል። ሥራው ኮምፒውተሮቹን ማቀዝቀዝ፣ ድጋፍ መለመንና መሰደብ ነው። በተለይ መሰደብ። የገጹ ቀለም ሲቀየር «ድርጅቱ ሸጠን» ይባላል፤ ሳይቀየር ሲቀር «ድርጅቱ ተኝቷል» ይባላል። ባለፈው ሰኞ አንድ በጎ ፈቃደኛ ስለ ግመል ጉብታ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ስለተሰረዘበት ጉዳዩን ወደ ድርጅቶች ሁሉ እንደሚወስድ ዝቶ ነበር። የትኞቹ ድርጅቶች እንደሆኑ አልተናገረም።

ቢሮ ስትገባ የመሣሪያ ባለሙያው ዳንጊሶ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቃት።

«ወይዘሮ ትብለጥ፣ ነፍስ-ለይ ተበላሽቷል።»

«ደግሞ ምን ሆነ?»

ነፍስ-ለይ የሚጽፈው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጠው መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ ጣቱ ላይ ቀለበት ያደርጋል፤ ቀለበቱ የደም ሥሩን ምት ይቆጥራል፣ ጣቱ ቃል ሲመርጥ የሚያመነታበትን መንገድም ያነባል። በምቱ እጁን፣ በማመንታቱ ሰውየውን ይለያል። ማሽን አያመነታም፤ እያስመሰለ ቢያመነታ እንኳ ነፍስ-ለይ ያውቅበታል።

ዳንጊሶ ሰሌዳውን አዞረላት። «የገበጣ ገጽ ነው» አለ።

ትብለጥ ዓይኗን ጨፈነች። የገበጣ ገጽ! ደቦ ላይ ስለ ጦርነት፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ነገሥታት የሚጣሉ ሰዎች በስተመጨረሻ ይደክማቸዋል። በገበጣ ገጽ ግን ሁለት አዛውንቶች ከሃያ ዓመት በላይ ሳይደክሙ ተናክሰዋል። ደሴ ያሉት እትዬ አመለወርቅ ገበጣ ማለት ባለ ሁለት መደዳው ነው፣ ሦስተኛው መደዳ የሰነፍ ጭማሪ ነው ይላሉ። መቀሌ ያሉት ጋሽ ወልዱ ባለ ሦስቱ ነው ዋናው፣ አንዱን መደዳ የጣለው ጠጠር ያነሰው ሰው ነው ይላሉ። የደቦ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተቀምጠውበታል። አንዱ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ደም ግፊት ያዘኝ ብሎ ሽምግልናውን ተወ።

«ሁለቱ ቀለበቶች አንድ ዓይነት የደም ምት እየላኩ ነው» አለ ዳንጊሶ። «አንድ እጅ ነው ማለት ነው። ማመንታቱን ሲያነበው ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ይላል። አንድ እጅ፣ ሁለት ሰው። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ተበላሽቷል ብዬ ሪፖርቱን አዘጋጅቻለሁ፤ እርስዎ ይፈርሙበት።»

«የማረጋገጫ ቢሮው ተቆጣጣሪ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ዓርብ።»

አንድ ሰው በሁለት ስም ከጻፈ በደቦ ከዚያ የከፋ ጥፋት የለም። ተቆጣጣሪው ካገኘው ማኅተሙን ገፎ ነው የሚሄደው። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ መፈረም ደግሞ ቀላል ነበር፤ ብዕሩም እጇ ላይ ነበር። ትብለጥ ብዕሩን አስቀመጠችና በጠዋቱ የንፋስ ባቡር ወደ ደሴ ሄደች።

እትዬ አመለወርቅ የሚኖሩት ጦሳ ተራራ ጥግ፣ ብርዱ በሩን ዘግተውት እንኳ በሚገባበት ቤት ነው። ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ። ሻይ ቀዱላት፤ ስኳሩን ግን ሳይጠይቋት እሳቸው ለኩት።

«ድርጅቱ ሰው ልኮ አያውቅም» አሉ። «ገንዘብ ልትለምኚ ከሆነ የለኝም።»

ትብለጥ መልስ ከመስጠቷ በፊት እጃቸውን አየች። በቀኝ ሌባ ጣታቸው ላይ የደቦ ቀለበት አለ። በግራ አውራ ጣታቸው ላይ ደግሞ ሌላ የደቦ ቀለበት አለ፤ የወንድ ቀለበት፣ ለሌላው ጣታቸው ሁሉ የሚሰፋ።

«ይሄኛው የማን ነው፣ እትዬ?»

«የወልዱ ነው።» ጣታቸውን ለመደበቅም አልሞከሩም። «ሞቷል እኮ። ከፋሲካ በፊት።»

ትብለጥ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። የተቆጣች መስሏት ነበር፤ ግን ምን ብላ እንደምትቆጣ ጠፋት። ጋሽ ወልዱ ባለፈው ሳምንት እንኳ ሽማግሌዎቹን «የደሴ ጠበቆች» ብለው ሰድበው ጽፈዋል።

«ልጁ ናት የላከችልኝ» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «ሊሞት ሲል ጠርቷት፣ ‹ይህን ለዚያች ነገረኛ ሴትዮ ስጫት፣ አደራ በያት› አላት። በአካል እንኳ ተያይተን አናውቅም። ያ ደረቅ ሰውዬ! ሲሞት እንኳ ሥራ አሸክሞኝ ሞተ።»

«ለልጃቸው ለምን አልሰጧትም?»

«ልጁማ ትወደዋለቻ! የምትወደው ሰው ምን ብሎ ይከራከርለታል? አባቴ ትክክል ነው ብላ ታለቅሳለች፣ ሽማግሌዎቹም አዝነው ይሸኟታል። እሱ የፈለገው ነገሩን የሚያውቅለት ሰው ነው። የክርክሩን ጥንካሬ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ላፈርሰው ስታገል አይደል የኖርኩት?»

«ዝም ቢሉ እኮ ያሸንፉ ነበር» አለች ትብለጥ።

«በሞተ ሰው ላይ?» እትዬ አመለወርቅ፣ ይህችን ሴት ማን አሳደጋት የሚሉ ይመስል፣ አተኩረው አዩዋት። «ደግሞ ዝም ብል ጽሑፉ ይነሣል። ያ የማይረባ ደንብ አለ አይደል? በተጣሉበት ገጽ ላይ ተከራካሪ ያጣ ጽሑፍ በሳምንቱ ይነሣ የሚለው። ማን እንዳወጣው እንጃ እንጂ...»

«እኔ ነኝ ያስወጣሁት።»

«አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የምሰድበው።»

ትብለጥ አንገቷን ደፋች። ያንን ደንብ ጎትጉታ ያስጸደቀችው እንዲህ ያለው ጠብ አንድ ቀን እንዲያልቅላት ነበር። ሰው ይሞታል፣ ይሰለቻል፣ ያኔ ገጹ ሰላም ያገኛል ብላ አስባ ነበር። ግማሽ ገጽ አብሮ ይቀበራል ብላ አላሰበችም።

«መጀመሪያ ላይ እየቀለድኩበት ነበር» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደካማ ነገር እጽፍለትና በራሴ ስም እመልስበታለሁ። ከዚያ እንቅልፍ ነሣኝ። አደራ እንደዚያ አይጠበቅም። ስለዚህ ይህን ቀለበት ሳደርግ እንደ እሱ ነው የማስበው። ምን ይላል፣ የት ላይ ይናደዳል፣ የት ላይ ያሾፋል እላለሁ። ባለፈው ስለ ሦስተኛው መደዳ የጻፍኩለትን ነገር አይተሻል? እስካሁን መልስ አጥቼለታለሁ። ረታኝ እኮ!»

ትብለጥ ያኔ ገባት። ነፍስ-ለይ አልተሳሳተም፤ ያነበበውን ነው የተናገረው።

የማኅተሙን ነገር፣ የዓርቡን ተቆጣጣሪ፣ ዳንጊሶ ያዘጋጀውን ሪፖርት ነገረቻቸው። «መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ብፈርም ነገሩ ያልፋል» አለች፤ ስትለው ራሷን ጠላች።

«እንዳታደርጊው! እኔና ወልዱ ሃያ ዓመት የተጣላነው ውሸት እንዳይገባበት ብለን ነው፤ አሁን አንቺ ልታስገቢበት ነው?» እትዬ አመለወርቅ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሲመለሱ ቀለበቱን ከአውራ ጣታቸው አውልቀው ከሻዩ አጠገብ አስቀመጡት። «የሱን ስም ዝጉት። የሱን ጽሑፍ በገዛ ስሜ እኔ እከራከርለታለሁ። ወደ ሦስት መደዳ ዞሬያለሁ ብለሽ ጻፊ።»

«የእርስዎስ? ለሁለቱም ወገን መከራከር አይቻልም። ባለ ሁለት መደዳው ተከራካሪ ካጣ ይነሣል እኮ!»

«ይነሣ» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም። «የራሴን መተው እችላለሁ። የሰው አደራ ግን አልበላም።»

ዓርብ ተቆጣጣሪው መጣ፣ ጀልባው ውስጥ ልብሱ ረጥቦ ተበሳጨ፣ ትብለጥ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። የጋሽ ወልዱ ስም በራሳቸው በእትዬ አመለወርቅ ጥያቄ ስለተዘጋ፣ ከባድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ማኅተሙን ተወላቸው። ደቦ ተረፈ። ትብለጥ ግን ደስ አላላትም።

ቀጥሎ ያለው ሳምንት ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ሆነ። ራሷ እንዳትጽፍ ደንቡ አሰራት። ደንቡን ለማስቀየር ሽማግሌዎቹን ለመነች፤ ከመስከረም በኋላ እንሰበሰባለን አሏት። ገበጣ የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞችን አንድ በአንድ ደወለችላቸው። አንዱ «ያቺ ሴትዮ በሰባ ሰው ፊት ደንቆሮ ብላኛለች፣ የሷን ጽሑፍ ላድን?» አላት። ሌላዋ እሺ ብላ፣ በማግሥቱ ባለ አራት መደዳ ነው ትክክለኛው የሚል አዲስ ገጽ ከፈተች። ትብለጥ ስልኩን ሐይቁ ውስጥ ልትወረውረው ቃጣት። ነፃ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን መቆጣት አይቻልም፤ ማባረር አይቻልም፤ ደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ምን ይቻላል?

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮው እንደገና ቦታ ሲቀይር ዳንጊሶ ወንበሩን በአንድ እጁ ይዞ ጠራት።

«አንድ አዲስ ሰው ለባለ ሁለት መደዳው ተከራካሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ከመቀሌ ነው።»

ትብለጥ አነበበች። ለተኪዳን ወልዱ ይላል ስሙ። የጋሽ ወልዱ ልጅ! እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

«በዚህ ክፍል አባቴ በአንድ ቃል እንኳ አይስማማም ነበር። እራት ቀርቦ ሳለ የእትዬ አመለወርቅን ክርክር በድምፃቸው እያስመሰለ ይደግመውና ይናደድ ነበር፤ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ። እኔ ልጅ ሆኜ ክርክራቸውን በቃሌ የያዝኩት ከአባቴ አፍ ነው። ይህ ክፍል ከተነሣ አባቴ ሲከራከር የኖረው ከማን ጋር ነበር ሊባል ነው? አይነሣም።»

ከዚያ በታች ማስረጃዋን ዘርዝራ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ጠጠር በጠጠር አስቀምጣለች። ክርክሩ የእትዬ አመለወርቅ ነበር፤ ቁጣው ግን የጋሽ ወልዱ ነው።

ትብለጥ ዓይኗን ጠርጋ ሳትጨርስ ከደሴ መልስ መጣ። «ይህች ልጅ ገበጣ በዓይኗ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም» ይላል የእትዬ አመለወርቅ ጽሑፍ፤ ቀጥሎ ሦስት ገጽ ሙሉ የጋሽ ወልዱ ክርክር። ከሥሩ ለድርጅቱ የቀረበ አቤቱታ ነበረ፤ አዲሷ ጸሐፊ በአስቸኳይ ትገሠጽ ይላል። ወዲያው ሁለተኛ አቤቱታ ገባ፣ ከመቀሌ፤ አሮጊቷ ይገሠጹ የሚል። ሦስተኛው አቤቱታ ከባለ አራት መደዳዋ ሴት ነበር።

«ኧረ ስለ ፈጣሪ!» አለች ትብለጥ፣ ሦስቱንም መልስ የምትጽፍበት ረድፍ ውስጥ እያስገባች። ከእንግዲህ ሌላ ሃያ ዓመት ይመጣባታል። ይህን ስታስብ ልቧ ለምን እንደቀለላት አልገባትም።

ዳንጊሶ አሁንም ነፍስ-ለይ ላይ ተደፍቶ ጭንቅላቱን ያካል። «አሁን ደግሞ ብሶበታል» አለ። «እትዬ አመለወርቅን በአንድ ስም፣ በአንድ ቀለበት፣ ሁለት ሰው ናቸው ይላል። ልጅቷንም ሁለት ሰው ናት ይላል። አዲስ እንዘዝ?»

ትብለጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቢሮው ቀዝቃዛ ውኃ አግኝቶ ቆሟል።

«ተወው» አለች። «አልተበላሸም።»